በስማችን የምትሰጡትን ድምፅ ንገሩን

ግልጽ ደብዳቤ፦ ለጡረታ ፈንዶች፣ ለኢንሹራንስ ድርጅቶችና ለኢንቨስትመንት ፈንዶች የቦርድ አባላትና ሥራ አስኪያጆች

የተከበራችሁ የቦርድ አባላትና ሥራ አስኪያጆች፣

በየወሩ ከደሞዛቸው ላይ ለጡረታ ከሚቆረጥባቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። የፋይናንስ ባለሙያ አይደለሁም። ገበያውን ግን ከልቤ እከታተላለሁ፤ ለእርጅናዬ ያስቀመጥኩት እዚያ ነውና። እንደኔ ያሉ ሰዎች ብዙ ሚሊዮን ናቸው። አብዛኞቻችን በሕይወታችን አክሲዮን ገዝተን የማናውቅ ይመስለናል። ግን ገዝተናል። የገዛችሁልን እናንተ ናችሁ።

ደብዳቤውን በግልጽ የጻፍኩት ጥያቄው የኔ ብቻ ስላልሆነ ነው። ጥያቄውም አጭር ነው። በእኛ ገንዘብ በተገዛ አክሲዮን ማንን ትሾማላችሁ? ማንንስ ታወርዳላችሁ? ገበያው በተናወጠ ቀን ደግሞ ገንዘባችን ምን ይሆናል? ይህን ልትነግሩን ይገባል እላለሁ። ምክንያቴን ላስረዳ።

አስቀድሜ ግን ሥራችሁን እንደማከብር ልናገር። አንድ ተራ ሰው ብቻውን ገበያ ቢገባ አቅም የለውም። ያጠራቀመው ገንዘብ ከሁለትና ከሦስት ኩባንያ አክሲዮን ላያልፍ ይችላል። ከነዚያ አንዱ ሲከስር እሱም አብሮ ይወድቃል። እናንተ ከብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ሰብስባችሁ በብዙ ኩባንያና በብዙ ዓይነት ቦንድ ላይ ትበትኑታላችሁ። አንዱ ቢጎዳ ሌላው ያካክሰዋል። የሂሳብ ሪፖርት አገላብጦ የሚያነብ፣ ከኩባንያ ኃላፊዎች ጋር ቁጭ ብሎ የሚጠይቅ ባለሙያ ትቀጥራላችሁ። እኔ ሥራዬን ትቼ ያን ላደርግ አልችልም።

ገበያውም ያለ እናንተ አይቆምም። ኩባንያ አዲስ አክሲዮን ሲያወጣ፣ መንግሥት የ30 ዓመት ቦንድ ሲሸጥ፣ ትልቁን ገንዘብ ይዞ ከሚመጡት ዋነኞቹ የጡረታ ፈንድና የሕይወት ኢንሹራንስ ናቸው። ባንክ የሚያበድረው፣ አስቀማጩ ነገ መጥቶ ሊያወጣው የሚችለውን ገንዘብ ነው። እናንተ ግን ለኔ መክፈል የምትጀምሩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ መቆየት ትችላላችሁ። መንገድና ኃይል ማመንጫ ዓመታት ፈጅተው ነው ወጪያቸውን የሚመልሱት። ያን ያህል የሚጠብቅ ገንዘብ ከሌላ ቦታ እንደልብ አይገኝም።

ድርሻችሁም ቀላል አይደለም። የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ትብብር ድርጅት የሆነው ኦኢሲዲ በ2019 ባወጣው ጥናት መሠረት፣ በዓለም አክሲዮን ገበያዎች ከተመዘገቡ ኩባንያዎች ጠቅላላ ዋጋ 41 በመቶውን የያዙት እንደናንተ ያሉ፣ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ተቋማዊ ኢንቨስተሮች ናቸው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ዜና ላይ «ገበያው ፈራ»፣ «ገበያው አልወደደውም» ሲባል እሰማለሁ። ከዚያ ገበያ ትልቁ ክፍል እናንተ ናችሁ። እናንተ ስትገዙና ስትሸጡ ነው ዋጋ የሚወጣውና የሚወርደው።

ዝምታችሁ የሚከብደኝም ለዚህ ነው።

አክሲዮን የያዘ ሰው ሁለት ነገር አለው። አንዱ የትርፍ ድርሻ ነው፤ ሌላው ድምፅ። በጠቅላላ ጉባኤ የቦርድ አባላት ይመረጣሉ፣ ኦዲተር ይሾማል። በብዙ አገር የሥራ አስኪያጆች ክፍያም ለድምፅ ይቀርባል። የትርፍ ድርሻው ዞሮ ዞሮ ወደኛ ሂሳብ ይገባል። ድምፁ ግን እናንተ ጋ ይቀራል።

በየዓመቱ የሚላክልኝ የጡረታ መግለጫ አንድ ገጽ ነው። ዓመቱ ሲጀምር የነበረ፣ በዓመቱ የገባ መዋጮ፣ የተገኘ ትርፍ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ያለ። አራት መስመር። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ማሳሰቢያ አለ። ስለ ድምፅ አንዲት ቃል የለችም። አንድ ጊዜ ፈንዴን ጠየቅኩ። በዜና የሰማሁት ኩባንያ ነበር፤ ትርፉ እየወረደ የሥራ አስኪያጁ ክፍያ ይጨምራል። ፈንዴ ከዚያ ኩባንያ አክሲዮን እንዳለው ከዓመታዊ ሪፖርቱ አይቻለሁ። «በጉባኤው ክፍያውን ደገፋችሁ ወይስ ተቃወማችሁ?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱ በትሕትና የተጻፈ ነበር። «ድምፅ የምንሰጠው በውስጥ ፖሊሲያችን መሠረት ነው» ይላል። እሺ፣ ፖሊሲውን ላኩልኝ አልኩ። የውስጥ ሰነድ ነው ተባልኩ። መልሱን የጻፈችልኝ ሠራተኛ ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ጻፊ የተባለችውን ነው የጻፈችው። ቅሬታዬ ከናንተ ጋ ነው። ገንዘቡ የኔ ሆኖ ሳለ ውሳኔው እንዴት ከኔ የሚደበቅ ምስጢር ይሆናል?

ድምፅ ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ለማየት 2021ን ማስታወስ ይበቃል። ኤንጂን ነምበር ዋን የሚባል አዲስና ትንሽ የኢንቨስትመንት ድርጅት የአሜሪካውን የነዳጅ ኩባንያ ኤክሶንሞቢልን ተገዳደረ። የነበረው አክሲዮን ከኩባንያው 0.02 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ከ10 ሺህ አክሲዮን 2 ማለት ነው። ኩባንያው ለኢነርጂው ለውጥ አልተዘጋጀም፣ ገንዘብም በደንብ አይጠቀምም ብሎ ለቦርድ የራሱን ዕጩዎች አቀረበ። አመራሩ አጥብቆ ተከራከረ። ድምፁ ተቆጥሮ ሲያበቃ ከ12 የቦርድ ወንበር 3ቱ የዚህ ትንሽ ድርጅት ዕጩዎች ሆኑ።

በ0.02 በመቶ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም። የሆነው ትልልቅ የጡረታ ፈንዶች፣ እንዲሁም የሰው ገንዘብ የሚያስተዳድሩት ትልልቅ የአሜሪካ ድርጅቶች ብላክሮክ፣ ቫንጋርድና ስቴት ስትሪት ቢያንስ ለአንዳንዶቹ ዕጩዎች ድምፃቸውን ስለሰጡ ነው። ዕጩዎቹ ለኩባንያው ይበጁ ነበር ወይ? እሱ ሌላ ክርክር ነው። እኔን የሚያሳስበኝ በዚያ ቀን ገንዘባቸው ድምፅ ሆኖ የተቆጠረላቸው መምህራን፣ ነርሶችና ጡረተኞች ናቸው። አብዛኞቹ ጉባኤ መኖሩን የሰሙ አይመስለኝም። በዓለም ካሉት ታላላቅ የነዳጅ ኩባንያዎች የአንዱን ቦርድ ቀይረው ሳለ፣ መቀየራቸውን አላወቁም።

ነገሩን ይበልጥ የሚያከብደው የኢንዴክስ ፈንድ ጉዳይ ነው። የቫንጋርድ መሥራች ጆን ቦግል በ1976 ለተራው ሰው የሚሸጥ የመጀመሪያውን ኢንዴክስ ፈንድ ሲጀምር 150 ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ አስቦ ያገኘው 11 ሚሊዮን አካባቢ ነበር። ብዙዎች ንቀውት ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ የትኛው ኩባንያ ይሻላል እያሉ ከመድከም፣ ኢንዴክስ በሚባለው የገበያ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች ሁሉ በየድርሻው መያዝና ወጪ መቀነስ። ይህ ሐሳብ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ትልቅ ውለታ ውሏል፤ የአስተዳደር ክፍያን በጣም አውርዶታል። አንድ መዘዝ ግን አለው። ኢንዴክስ ፈንድ ያልወደደውን ኩባንያ ሸጦ መውጣት አይችልም። ኩባንያው በዝርዝሩ ውስጥ እስካለ ድረስ መያዝ አለበት። ሸጦ መውጣት ካልቻለ ደግሞ የሚቀረው መናገር ነው። የሚናገረውም በድምፅ ነው።

ሦስቱ ትልልቅ ድርጅቶች፣ ብላክሮክ፣ ቫንጋርድና ስቴት ስትሪት፣ ኤስ ኤንድ ፒ 500 በሚባለው የ500 ያህል ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ዝርዝር ውስጥ ባሉ ኩባንያዎች ጉባኤ ላይ ከሚሰጠው ድምፅ በአማካይ ሩብ ያህሉን ይሰጣሉ። ቦግል ራሱ ከመሞቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2018 መጨረሻ፣ ይህ ሁሉ ሥልጣን በጥቂት እጅ መግባቱ ለአገር እንደማይበጅ በግልጽ ጽፏል። ነገሩን የጀመረው ሰው እንዲህ ካለ፣ የኛ ስጋት ከመሬት የተነሳ አይደለም።

ታዲያ እንዲህ ያለው ሥልጣን በጥንቃቄ ነው ወይ የሚሠራበት? ትልቅ ፈንድ በዓመት ከ10 ሺህ በላይ ጉባኤዎች ላይ ድምፅ ይሰጣል። አብዛኛው ጉባኤ ደግሞ የሚሰበሰበው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። እያንዳንዱን አጀንዳ አንብቦ ማመዛዘን ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ እንደ አይኤስኤስና ግላስ ሉዊስ ያሉ አማካሪዎች የሚሰጡትን ምክር ትገዛላችሁ። ምክር መግዛት ነውር የለውም። ምክሩን ሳያነቡ እንዳለ ማጽደቅ ግን አደራ መወጣት አይባልም። የትኛውን እያደረጋችሁ እንደሆነ እኔ በምን አውቃለሁ? መልሱ የውስጥ ሰነድ ውስጥ ነው።

«አይቻልም» የሚለውን መልስ አልቀበልም፤ የቻለ አለና። የኖርዌይ መንግሥት የጡረታ ፈንድ በብዙ ሺህ ኩባንያዎች ውስጥ አክሲዮን አለው። በዓለም በገበያ ከተመዘገበው አክሲዮን 1.5 በመቶ ያህሉ የሱ ነው። ይህ ፈንድ ከ2021 ጀምሮ እንዴት ድምፅ እንደሚሰጥ ጉባኤው ከመካሄዱ 5 ቀን በፊት ለሕዝብ ያሳውቃል። የኩባንያውን ቦርድ ሐሳብ ሲቃወም ምክንያቱን ይጽፋል። ማንም ሰው ገብቶ የኩባንያውን ስም ፈልጎ ማየት ይችላል። አሜሪካ ውስጥም ሙቹዋል ፈንድ የሚባሉት የጋራ የኢንቨስትመንት ፈንዶች ድምፃቸውን በየዓመቱ እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ደንብ ከ2003 ጀምሮ አለ። ሪፖርቱ ለተራ ሰው የማይነበብ ዶሴ ነው፤ ቢሆንም አለ። እንግሊዝ በ2010 ተቋማዊ ኢንቨስተሮች ከኩባንያዎች ጋር ስለሚኖራቸው ግንኙነት የሚመሩበትን ደንብ አወጣች። መንገዱ ተጠርጓል፤ የቀረው መሄድ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «አባሎቻችን በፖለቲካ ይለያያሉ፣ ድምፃችንን ብንገልጽ ጭቅጭቅ እናመጣለን» እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ እንለያያለን። አንዱ የአየር ንብረት ያሳስበዋል፣ ሌላው ከትርፍ ሌላ ነገር ባይነሳ ይመርጣል። ታዲያ መለያየታችን መደበቂያ ይሆናል እንዴ? ብላክሮክ ከ2022 ጀምሮ ለአንዳንድ ደንበኞቹ ድምፁን ራሳቸው እንዲመሩ ዕድል ሰጥቷል፤ ሌሎቹም በየፊናቸው ሞክረዋል። እኔ ሁላችንም በየኩባንያው ድምፅ እንስጥ ብዬ አላስቸግርም። አብዛኛው ሰው ጊዜም ፍላጎትም የለውም። እናንተው ስጡ። ብቻ ምን እንደሰጣችሁ ንገሩን።

ሁለተኛው ጉዳዬ የክፉ ቀን ነገር ነው።

በሴፕቴምበር 2022 እንግሊዝ የሆነውን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ግን ለሌላው አንባቢ ልዘርዝረው። እዚያ ብዙ የጡረታ ፈንዶች ለጡረተኛው ዕድሜ ልኩን የተወሰነ ክፍያ ለመስጠት ቃል ገብተዋል። የወለድ መጠን ሲወርድ ይህ ቃል ዛሬ ላይ ሲሰላ ዕዳው ያብጣል። ለዚህ መከላከያው የረጅም ጊዜ የመንግሥት ቦንድ መያዝ ነው፤ ወለድ ሲወርድ የቦንዱ ዋጋም አብሮ ይወጣልና። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነው። ግን ቦንዱን ሁሉ በራሳቸው ገንዘብ አልገዙም። ያለውን ቦንድ አስይዘው ተበደሩ፣ በብድሩ ሌላ ቦንድ ገዙ። ዲሪቬቲቭ በሚባለው፣ ዋጋው ከሌላ ንብረት ዋጋ ጋር በታሰረ ውልም ተመሳሳይ ነገር አደረጉ። የተረፈውን ገንዘብ የተሻለ ትርፍ ያስገኛል ወዳሉት ቦታ አዞሩት። ለዓመታት ያለ ችግር ሠራ።

ሴፕቴምበር 23 ቀን መንግሥት በብድር የሚሸፈን ትልቅ የግብር ቅነሳ አሳወቀ። የቦንድ ዋጋ ወደቀ፣ ወለዱም ወጣ። አበዳሪዎች «ያስያዛችሁት አነሰ፣ ጨምሩ» አሉ። ፈንዶቹ ጥሬ ገንዘብ ፈለጉ። ቶሎ ሊሸጥ የሚችለው ያው ቦንዱ ነው። ሸጡት። ሁሉም ባንዴ ሲሸጥ ዋጋው ይበልጥ ወደቀ። አበዳሪው እንደገና ደወለ፤ እንደገና ሸጡ። ሴፕቴምበር 28 ቀን የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ጣልቃ ገባ። እስከ 65 ቢሊዮን ፓውንድ የሚደርስ ቦንድ ሊገዛ እንደሚችል አስታወቀ። በመጨረሻ የገዛው 19.3 ቢሊዮን ነው። ሊገዛ ዝግጁ መሆኑ ራሱ ገበያውን አረጋጋው።

እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ወለድ ሲወጣ የፈንዶቹ የረጅም ጊዜ ዕዳ ቀንሶ ነበር። በወረቀት ላይ ብዙዎቹ ከበፊቱ የተሻለ ቁመና ላይ ናቸው። የጎደላቸው የዚያ ሳምንት ጥሬ ገንዘብ ነበር። ለ40 ዓመት መጠበቅ የሚችል ገንዘብ በብድር ምክንያት አምስት ቀን መጠበቅ አቃተው! ትልቁ ጉልበታችሁ ትዕግሥት ነው ብያለሁ። ብድር ያን ትዕግሥት ነው የሚወስድባችሁ። እንደኔ እምነት አንድ የጡረታ ፈንድ ከሚሠራው ስህተት ሁሉ ይህ ይከፋል።

አዲስም አይደለም። በኦክቶበር 19 ቀን 1987 ዳው ጆንስ የሚባለው የአሜሪካ አክሲዮን ገበያ መለኪያ በአንድ ቀን 22.6 በመቶ ሲወድቅ፣ አንዱ ምክንያት ብዙ ተቋማት «ዋጋ ሲወርድ ሽጥ» የሚል ተመሳሳይ ስልት መከተላቸው ነበር። እያንዳንዱ ራሱን ያዳነ መስሎት ሸጠ። ሁሉም ሻጭ ሲሆን ግን ገዢ ይጠፋል። ግለሰብ ቢደናገጥ የሚጎዳው ራሱን ነው። እናንተ ስትደናገጡ የሁሉም ሰው ዋጋ ይወድቃል፤ ከናንተ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለውም ሰው ጭምር። ከ2022 በኋላ የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች እንዲህ ያሉ ፈንዶች ቢያንስ የ2.5 በመቶ ነጥብ የወለድ ጭማሪ እንዲችሉ ጠይቀዋል። የናንተ ፈንድ ምን ያህል ይችላል? ቁጥሩን ቦርዱ ያውቀዋል ብዬ አምናለሁ። እኛስ ለምን አናውቀውም?

ስለ ክፍያ ረጅም አልናገርም፤ ሂሳቡ ራሱ ይናገራል። 1,000 አስቀምጦ በዓመት 5 በመቶ ቢያድግ በ40 ዓመት 7,040 ይሆናል። ከዚያ ላይ በየዓመቱ 1 በመቶ ለአስተዳደር ቢወሰድና ዕድገቱ 4 በመቶ ቢሆን፣ 4,801 ነው የሚሆነው። ከመጨረሻው ገንዘብ ሲሶ ሊሞላ ትንሽ የቀረው ሄደ ማለት ነው። 1 በመቶ ስትባል ትንሽ ትመስላለች። በመግለጫው ላይ ደግሞ ጭራሽ አትታይም፤ «የተገኘ ትርፍ» የሚለው መስመር ውስጥ ተቀንሳ ነው የምትመጣው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገንዘባችን ከኛ እስከ ኩባንያው ድረስ ብዙ እጅ ያልፋል። ቦርዱ አማካሪ ይቀጥራል፣ አማካሪው አስተዳዳሪ ድርጅት ያስመርጣል፣ ድርጅቱ ሥራውን ለራሱ ባለሙያ ይሰጣል። ያ ባለሙያ በየሦስት ወሩ ከሌሎች ጋር ይነጻጸራል። ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ከቀረ ውሉ ይቋረጥበታል ብሎ ይሰጋል። እንግዲህ ይህ ሰው ለ30 ዓመት እንዲያስብልን እንዴት እንጠብቃለን? ሌላው የገዛውን ይገዛል፣ ሌላው የሸጠውን ይሸጣል። ብቻውን ከመሳሳት ከሰው ጋር መሳሳት ይሻለዋል። ጥፋቱ የሱ አይደለም፤ መለኪያውን የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። ባለሙያዎቻችሁን በረዘመ ጊዜ መዝኑ። የሦስት ወሩ ሪፖርት ለክትትል ይቅር እንጂ ለመቅጠሪያና ለማባረሪያ አይሁን።

የምጠይቃችሁ ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ ነገር አይደለም። ድምፁን መዝግባችሁ ይዛችኋል። የክፍያው ሂሳብ እጃችሁ ላይ ነው። የክፉ ቀኑን ስሌት የስጋት ክፍላችሁ ይሠራዋል፤ ካልሠራው ደግሞ ያ ራሱ ሌላ ደብዳቤ ያስጽፋል። በሚቀጥለው ዓመታዊ መግለጫ ላይ ሦስት መስመር ጨምሩልን። አንደኛው ከኔ ሂሳብ በዓመቱ የተወሰደው ክፍያ፣ በገንዘብ መጠን እንጂ በመቶኛ ያልሆነ። ሁለተኛው ፈንዱ ያለበት ብድርና ወለድ በድንገት ቢወጣ የሚችለው መጠን። ሦስተኛው የሰጣችሁት ድምፅ በኩባንያ ስም ተፈልጎ የሚገኝበት አድራሻ፣ ከነምክንያቱ። ይህን ለመጀመር ሕግ እስኪያስገድዳችሁ አትጠብቁ። የቦርዳችሁ አንድ ስብሰባ ይበቃል፤ ውሳኔውንም ከነቃለ ጉባኤው አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጡረታ መዋጮ ከፋይ